መርገብገብና ቦግ እልም፦ በደብረ ብርሃን አንድ የእንጨት ሥራ ቤት መብራት ላይ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 5

ቦታው ደብረ ብርሃን ነው። ከፊት የእንጨት ሥራ ቤት፣ ከጓሮ ባለ ሁለት ክፍል መኖሪያና ማድ ቤት፤ ሁሉም በአንድ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። አቤቱታው ሁለት ነው። ሥራ ቤቱ ውስጥ ቶርኖው (እንጨት እያዞረ የሚቀርጸው ማሽን) በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ሳለ እንጨቱን የነከሰው ባለ አራት መንጋጋ ራስ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የሚሽከረከር ይመስላል፤ አምሽቶ የሠራ ሰው ዓይኑን ያመዋል። መኖሪያው ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሲበራ መብራቱ ይደበዝዛል፣ አልፎ አልፎም ቦግ እልም ይላል።

ሁሉም ሰው "መብራቱ ነው" ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል። እኛ ግን ከመጀመሪያው ለያየነው፤ ምክንያታቸውም መድኃኒታቸውም ሌላ ሌላ ነውና። ፈጣኑን፣ ዓይን ለይቶ የማያየውን "መርገብገብ"፣ ዘገምተኛውን፣ ማንም የሚያየውን "ቦግ እልም" ብለን ይዘነዋል። ከዚህ በታች እነዚህ ቃላት ሲመጡ በዚህ ትርጉም ነው።

የመርገብገቡ ሥር መስመሩ ራሱ ውስጥ አለ። የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ቮልቴጁ በሰከንድ 50 ዑደት ይሠራል፣ በየዑደቱም ሁለት ጊዜ ዜሮን ያቋርጣል። አምፖል በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ስለሚበራ ብርሃኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ጊዜ ማለት ነው። ይህ ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ያው ነው። የሚለያየው አምፖሉ ነው፦ ቮልቴጁ ዜሮን ሲነካ አንዱ በጥቂቱ ብቻ ይቀንሳል፣ ሌላው ድርግም ይላል።

ዛሬ መሣሪያ ስላልነበረ በእጅ ብቻ ሞከርን። ጨለም ባለ ግድግዳ ፊት ነጭ እስክርቢቶ በፍጥነት ይወዛወዛል። የክንድ ውዝዋዜ ጫፉን በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ይወስደዋል፤ ብርሃኑ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ እስክርቢቶው በየ3 ሳንቲ ሜትሩ ተነጣጥሎ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይታያል። በፀሐይ ብርሃን አንድ የተቀባ ጭረት ብቻ ነው የሚታየው። ሥራ ቤቱ ውስጥ ጥርሱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ መኖሪያው ውስጥ ግን በጭራሽ አልወጣም፤ የሁለቱ ቤት ችግር ሌላ ሌላ ለመሆኑ የመጀመሪያው ማስረጃ ይህ ነው።

የስልክ ካሜራም ይረዳል፤ ግን አብዛኛው ሰው ከሩቅ አድርጎ ይሞክረዋል፣ ከሩቅ ደግሞ ይዋሻል። ክፍሉ ጨለም ሲል ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን ይሰበስባል፤ በአንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሙሉ ርግብግቢት ስለሚገባ መጥፎው አምፖል ንጹሕ መስሎ ይታያል። ስልኩ ከአምፖሉ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ሲጠጋ ግን ብርሃኑ ስለሚበዛበት የሚሰበስብበትን ጊዜ ያሳጥራል፣ ያኔ ጥቁር መስመሮች ስክሪኑ ላይ ይወጣሉ። የመስመሮቹ ብዛት የስልኩን የማንበብ ፍጥነት እንጂ የአምፖሉን ጥራት አይናገርም። መታየት ያለበት የጥቁረታቸው መጠን ነው።

ታኅሣሥ 6

መለኪያው ተሠራ። አንድ አርዱዊኖ ኡኖ (ቮልት አንብቦ ወደ ቁጥር የሚቀይር ትንሽ የፕሮግራም ሰሌዳ)፣ አንድ ቢፒደብሊው 34 የብርሃን ዳዮድ (ብርሃን ሲነካው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ)፣ አንድ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ 30 ሳንቲ ሜትር ሽቦ። የዳዮዱ ካቶድ ወደ 5 ቮልት፣ አኖዱ ወደ አርዱዊኖው ማንበቢያ እግር፣ ኤ0፤ ከኤ0 ወደ ግራውንድ ሬዚስተሩ። ዳዮዱ በ1000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) 80 ማይክሮ አምፔር ያህል ይሰጣል፣ ይህም በሬዚስተሩ ላይ 0.8 ቮልት ነው። አርዱዊኖው 5 ቮልትን ከ0 እስከ 1023 ስለሚከፍል ከሩቅ ሲለካ ንባቡ ጥቂት ደረጃ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዳዮዱን አማካዩ ከ400 እስከ 600 እስኪሆን ወደ አምፖሉ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ጫፉ 1023 ከነካ ደግሞ ተቆርጧል ማለት ነው፤ የተቆረጠ ንባብ መርገብገቡን አሳንሶ ያሳያል፣ ያኔ መራቅ ነው።

መጀመሪያ ከተበላሸ የፀሐይ ፋኖስ የወጣች ትንሽ ሶላር ነበር የተሞከረችው። እንዲሁ በባዶዋ አርዱዊኖው ላይ ስትገጠም የአንዱን አምፖል መርገብገብ ከግማሽ በታች አድርጋ አሳየች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጭነት የሌለበት ሶላር ቮልቴጁ ከብርሃኑ ጋር እኩል አያድግም፣ ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር እሱ ጥቂት ብቻ ይጨምራል። 100 ኦም ያህል ሬዚስተር በሁለቱ ጫፍ ሲገጠምላት ትስተካከላለች። ዳዮድ ያላገኘ ሰው በዚህ መሥራት ይችላል፤ ሬዚስተሩን ግን እንዳይረሳ።

ፕሮግራሙ 400 ንባብ በተከታታይ ይወስዳል። አንዱ ንባብ 112 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ ድምሩ 45 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ አራት ተኩል ርግብግቢት ማለት። መጀመሪያ ዳዮዱ ተሸፍኖ የጨለማው ንባብ ይያዛል፣ ከሁሉም ይቀነሳል። ከዚያ የሦስቱ ከፍተኛ አማካይና የሦስቱ ዝቅተኛ አማካይ ይወሰዳል፤ አንድ ብቻውን የወጣ ንባብ ብዙ ጊዜ የሽቦ ጫጫታ ነው። ከፍተኛው ሲቀነስ ዝቅተኛው፣ ለሁለቱ ድምር ተካፍሎ፣ በ100 ተባዝቶ፦ ይህ ነው የመርገብገብ በመቶ። ድርግም የሚል አምፖል 100፣ ፀሐይ 0።

ማረጋገጫው የእኩለ ቀን ፀሐይና የባትሪ መብራት ናቸው፤ ሁለቱም 1 በመቶ ሰጡ፣ እሱም የመለኪያው የራሱ ጫጫታ ነው። መጀመሪያ ላይ ፀሐይ ላይ 6 ሰጥቶ ነበር። ንባቡ ሲሳል ጉብታው በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ይመላለሳል፤ ከአምፖል የመጣ ቢሆን በየ10 ይሆን ነበር። ላፕቶፑ ከቻርጀር ሲነቀል ጠፋ። 20 ሚሊ ሰከንድ ሲታይ አስቀድሞ ሽቦን መጠርጠር ነው።

ታኅሣሥ 8

በቤቱ ያሉት ሁሉ ተለኩ፣ ከሱቅም ጥቂት ተጨመሩ። አሮጌው ባለ ክር 60 ዋት 14 በመቶ፤ ክሩ በ10 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ስለማያገኝ ነው። ባለ ብረት ባላስት (የቱቦውን ኤሌክትሪክ የሚወስን ጥቅልል) ፍሎረሰንት 38። የሥራ ቤቱ ስድስት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲዎች እያንዳንዳቸው 98 እና 99። የመኝታ ቤቱ ኤልኢዲ 2። ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ የሌሊት መብራት 99፣ እሷም በየ20 ሚሊ ሰከንዱ፤ ውስጧ አንድ ዳዮድ ብቻ ስላለ ግማሹን ዑደት ትጥለዋለች፣ በ50 ኸርዝም ትረገበገባለች። ዓይንን ወደ ጎን ሲያዞሩ ስትንቀጠቀጥ ትታያለች፣ የዓይን ጠርዝ ከመካከሉ ይልቅ ለመርገብገብ ንቁ ነውና።

ለመመዘኛ የያዝነው እ.ኤ.አ. የ2015ቱን አይትሪፕልኢ 1789 (የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ስለ ኤልኢዲ መርገብገብ ያወጣውን ምክር) ነው። ድግግሞሹ ከ90 እስከ 1250 ኸርዝ ሲሆን በ0.08 ተባዝቶ የሚገኘው በመቶ ለዝቅተኛ ስጋት ይበቃል። ለ100 ኸርዝ 8 በመቶ መሆኑ ነው፤ ምንም ተጽዕኖ እንዳይኖር ከተፈለገ 3.3። የሥራ ቤቱ አምፖሎች ከወሰኑ አሥራ ሁለት እጥፍ ናቸው። ካርቶናቸው ላይ ዋትና የብርሃን ቀለም ተጽፏል፣ ስለ መርገብገብ ምንም የለም። ሱቅ ውስጥ አምፖል ሲያስፈትሹ "ይበራል ወይ" ብቻ ሳይሆን ስልክ አስጠግቶ ማየት ምንም አያስከፍልም፣ ባለ ሱቁም አይቀየምም።

ታኅሣሥ 9

የቶርኖው ጉዳይ። ይህ የዓይን ድካም ብቻ ሳይሆን የእጅ ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን ያዝነው።

የቶርኖው ዲናሞ (ሞተሩ) ባለ አራት ፖል ነው፤ በ50 ኸርዝ 1500 ዙር መሆን የሚገባው ጭነት ሲኖር ወደ 1440 ይወርዳል። ቺንጋው አንድ ለአንድ በሆነ ፑሌጃ ላይ ሲሆን ባለ መንጋጋው ራስም 1440 ዙር በደቂቃ ይዞራል፣ በሰከንድ 24። አራት መንጋጋ ስላለው በአንድ ቦታ በሰከንድ 96 መንጋጋ ያልፋል። ብርሃኑ 100 ጊዜ ቦግ ይላል። በእያንዳንዱ ቦግታ መንጋጋው ወደ ቀጣዩ ቦታ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይያዛል፤ በሰከንድ አራት መንጋጋ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንድ ሙሉ ዙር ማለት ነው። ሠራተኛው የሚያየው በሰከንድ አንዴ ወደ ኋላ የሚዞር ራስ ነው። ሰዓት ተይዞ ሲቆጠር በትክክል ያ ነው የወጣው።

የባሰውስ፣ ፑሌጃው ተቀይሮ ራሱ 1500 ዙር ላይ ቢያርፍ? 25 ሲባዛ በ4 መቶ ይሆናል፤ መንጋጋው ቆሞ ይታያል። ባለ ሦስት መንጋጋ ራስ ደግሞ በ2000 ዙር ላይ ይቆማል። ጫጫታ በበዛበት ቤት፣ ሌላ ማሽን እያጓራ፣ ቆመ ብሎ እጅ የሚሰድድ ሰው አይጠፋም። ክብ መጋዙ ላይ ይህ አይታይም፦ 24 ጥርስ በ2850 ዙር በሰከንድ 1140 ጥርስ ያሳልፋል፣ ከመቶ ጋር አይገጥምም። በሌላ ጥርስ ብዛትና ፍጥነት ግን ሊገጥም ይችላልና በየማሽኑ ማስላት ይገባል።

ቤቱ ባለ ሦስት ፌዝ ስለሆነ ስድስቱን አምፖሎች ሁለት ሁለቱን በየፌዙ ከፈልናቸው። የድሮ የፍሎረሰንት ዘዴ ነው፤ አንዱ ሲጨልም ሌላው ይበራል። ለእነዚህ አምፖሎች ግን አልበቃም። እያንዳንዱ ከ10 ሚሊ ሰከንዱ 4.4ቱን ብቻ ነው የሚበራው (ለምን እንደሆነ ከታች አለ)። ሦስት ፌዝ ሲደራረብ አንዳንዴ አንዱ፣ አንዳንዴ ሁለቱ ይበራሉ፤ ፍጹም ቢቀላቀሉ እንኳ 33 በመቶ በ300 ኸርዝ ይሆናል። ወሰኑ በ300 ኸርዝ 24 ነው። የቶርኖው መደገፊያ ላይ ሲለካ ደግሞ 58 ሆነ፣ ከአናቱ ያለው አምፖል ሌሎቹን ስለሚውጣቸው። መንጋጋው አሁንም ወደ ኋላ ይዞራል፣ ግን ደብዘዝ ብሎ። ክፍፍሉን አላነሣነውም፣ አንድ ፌዝ ሲሄድ ቤቱ ሙሉ በሙሉ እንዳይጨልም ይጠቅማል። ዋናው ሥራ ግን አምፖሉ ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ 12

አምፖል ተከፈተ። የፕላስቲኩ ጉልላት በቀጭን ቢላ ዙሪያውን ሲላቀቅ ይወጣል። ከሥሩ የአልሙኒየም ሰሌዳ ላይ 27 ቺፖች በተርታ፣ አንድ ሬክቲፋየር (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመልስ)፣ አንድ ባለ ስምንት እግር አይሲ (ወደ ቺፖቹ የሚፈስሰውን የሚወስን)፣ ጎን ለጎን የተገጠሙ ሁለት ባለ 20 ኦም ሬዚስተሮች። ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ቮልቴጁ ሲወርድ የሚመልስ) የለም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

ሒሳቡ፦ እያንዳንዱ ቺፕ 9 ቮልት ገደማ ይጠይቃል፣ ተርታው 240 ገደማ። የ220 ቮልት መስመር ጫፉ 311 ነው። ቮልቴጁ 240 እስኪደርስ አንድም ቺፕ አይበራም፤ ሲያልፍ ይበራሉ፣ ሲወርድ አብረው ይጠፋሉ። በየ10 ሚሊ ሰከንዱ 4.4 ብርሃን፣ 5.6 ጨለማ።

ካፓሲተር መጨመር ይበቃል ብሎ የሚቸኩል አምፖሉን ያቃጥላል። አይሲው ኤሌክትሪኩን የሚወስነው በሬዚስተሩ ነው፤ 0.6 ቮልት ለ10 ኦም (ሁለቱ ሃያዎች ጎን ለጎን) 60 ሚሊ አምፔር። ይህ 60 ግን ከጊዜው 44 በመቶውን ብቻ ስለሚፈስ አማካዩ 26 ነው። ካፓሲተር ሲገባ ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል፣ አማካዩም 60 ይሆናል፤ ሙቀቱ ከሁለት እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱ ሬዚስተሮች ተነሥተው በአንድ 24 ኦም ተተኩ። 0.6 ለ24፣ 25 ሚሊ አምፔር። የብርሃኑ መጠን ከቀድሞው ጋር ተቀራራቢ ነው። አንዱን ሃያ ብቻ ማንሣትም ይቻላል፣ 30 ሚሊ አምፔር ይሰጣል፣ ግን አይሲው ጥቂት ይበልጥ ይሞቃል።

ከዚያ ካፓሲተሩ፦ 10 ማይክሮፋራድ፣ 400 ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚችል። ፖዘቲቩ ከሬክቲፋየሩ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩ ከኔጌቲቩ፤ ቢገለበጥ ይፈነዳል። እግሮቹ በመከላከያ ቱቦ ተሸፍነው ወደ አንገቱ ባዶ ቦታ ይገባል። ባዶ ካፓሲተር ማብሪያው በተጫነበት ቅጽበት እንደ አጭር ዙር ስለሆነ በመግቢያው ላይ እሳት የማይዝ 33 ኦም 1 ዋት ሬዚስተር ተጨመረ፤ የመጀመሪያውን ግፊት ከ10 አምፔር በታች ይይዘዋል። ከሌለ ሬክቲፋየሩ ከጥቂት ማብራት በኋላ ይሄዳል። በካፓሲተሩ ሁለት ጫፍ 220 ኪሎ ኦም 1 ዋት ማፍሰሻ (ካፓሲተሩ የያዘውን ቀስ ብሎ የሚያፈስስ ሬዚስተር)። መጀመሪያ ማፍሰሻውን ትተነው ነበር፣ ለምን እንደተመለስንበት ታኅሣሥ 19 ላይ ተጽፏል።

ጥንቃቄ፦ እዚህ አምፖል ውስጥ ትራንስፎርመር የለም። ሰሌዳው ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ ከፌዝ ጋር የተያያዘ ነው፣ ተነቅሎም ካፓሲተሩ 309 ቮልት ይዞ ይቆያል። ማፍሰሻ ያልገባለት በ10 ኪሎ ኦም 2 ዋት ሬዚስተር ይፈስሳል፣ በቴስተር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ነው እጅ የሚገባው። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ብልጭታን የመከልከል አቅሙም ያንሳል። ከ2000 ሜትር በላይ በሁለት እርቃን ነጥቦች መካከል የሚተወው ክፍተት ይጨመራል፣ በ3000 ሜትር በ1.14 ይባዛል። 3 ሚሊ ሜትር ይበቃ የነበረውን 3.5 አደረግነው።

ካፓሲተር ከሞተ ኤኮኖሚ አምፖል ውስጥም ይወጣል፣ ብዙዎቹ ከ4.7 እስከ 10 ማይክሮፋራድ ባለ 400 ቮልት አላቸው። ለሙከራ ጥሩ ነው። ለቋሚ ሥራ ግን አዲስ ይሁን፦ በሙቀት የኖረ ነው፣ አናቱ ካበጠ ወይም ልኩ ከተጻፈበት ከ20 በመቶ በላይ ከጎደለ መጣል ነው።

ከሥራው በኋላ የመጀመሪያው ንባብ፦ ከ99 ወደ 1። ዳዮዱ ከፀሐይ አልለየውም።

ታኅሣሥ 13

ማታ 1፡30። ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ መስመሩ 196 ቮልት ላይ ወረደ። የመኝታ ቤቱ ኤልኢዲ፣ ቀን 2 በመቶ የነበረው፣ 22 ሆነ። አምፖሉ አልተበላሸም። ሲከፈት የዚያው ዓይነት ሆኖ 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለው። በሁለት ጫፍ መካከል ባለው 8 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ 25 ሚሊ አምፔር ከ4.7 ማይክሮፋራድ 43 ቮልት ያህል ያወርዳል። ተርታው 240 ይፈልጋል፣ አይሲው ጥቂት ትርፍ ይፈልጋል፤ ሲደመር መስመሩ ከ205 በታች ከሆነ ካፓሲተሩ ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ አያደርሰውም። ባለ 10ሩ 20 ቮልት ብቻ ስለሚወርድ እስከ 190 ይዘልቃል። በዚያው ማታ የተሠራው አምፖል 1 በመቶ ላይ ነበር።

አምፖል ቀን ብቻ ተፈትኖ "ደህና ነው" መባሉ እንዴት እንደሚያሳስት ይህ ያሳያል። ቮልቴጅ የሚወርድበት የከተማ ዳር ሰፈር ያለ ሰው ፈተናውን ማታ ያድርገው።

ታኅሣሥ 15

ማድ ቤት፣ ቦግ እልም። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ነው። መኝታ ቤቱ ሶኬት ላይ ቴስተር ተሰክቶ ምጣዱ ሲበራ ከ214 ወደ 203 ወረደ፣ 11 ቮልት። በክላምፕ ሜትር 15 አምፔር ይጎትታል። (203 ከ205 በታች ነው፤ ምጣድ ሲበራ የመኝታ ቤቱ አምፖል ከመደብዘዝ አልፎ የሚረገበገበው ለዚህ ነው።)

አሥራ አንዱ የት ገባ? ከቆጣሪ እስከ ማድ ቤት 25 ሜትር፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ፤ መሄጃና መመለሻ 50 ሜትር፣ 0.344 ኦም፤ በ15 አምፔር 5.2 ቮልት። የመኝታ ቤቱ መብራት ከዚሁ ሽቦ ጫፍ ላይ ተቀጥሏል። ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ 40 ሜትር፣ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር አልሙኒየም፤ 0.226 ኦም፣ 3.4 ቮልት። ድምር 8.6። 2.4 ጎደለ።

የጎደለውን ለማግኘት ምጣዱ እንደበራ ቴስተሩ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ወዲህና ወዲያ፣ በዚያው ሽቦ ላይ ይያዛል። ጤነኛ መገጣጠሚያ ከሚሊ ቮልት አያልፍም። ከሳልቫቪታው ሳጥን ጀርባ ያለው የኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ሞርሴቶ (ሽቦዎች በብሎን የሚያያዙበት) 1.9 ቮልት አሳየ። 1.9 ሲባዛ በ15፣ ከ28 ዋት በላይ፣ ከአንዲት ብሎን ሥር። ሞርሴቶው ሲወጣ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል፣ የሽቦው ሽፋን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጠንክሮ ይሰባበራል፣ የመዳቡ ጫፍ ሐምራዊ ነው። ያለ ምልክት ቦግ እልም የሚለው ይህ ነበር፦ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይነክሳል። ቤቱ ባለ ሦስት ፌዝ ስለሆነ ኒውትራሉ ጨርሶ ቢላቀቅ ኖሮ አንዱ ፌዝ ላይ ያሉት ዕቃዎች እስከ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊደርስባቸው ይችል ነበር። ስለዚህ በቦግ እልም መጀመሪያ የሚፈተሸው ኒውትራል ነው እንላለን፣ አምፖል መቀየር ከዚያ በኋላ።

የተደረገው፦ ዋናው ሳልቫቪታ ወርዶ ሽቦው እስከ ጤነኛው መዳብ ተቆረጠ፣ አዲስ የናስ ሞርሴቶ ገባ። ለምጣዱ ከሳጥኑ ራሱን የቻለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ከ20 አምፔር ሳልቫቪታ ጋር ተዘረጋ። መብራቱ ከምጣዱ ተለየ። ናስትሮ ጠምጥሞ መተው የነበረው ዘዴ ነው፤ ናስትሮ ልቅ ሽቦን ይደብቃል እንጂ አያጠብቅም። ከቆጣሪው ማኅተም ወዲያ ያለው የኛ ሥራ አይደለም፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ይነገራል። አሁን ምጣድ ሲበራ መኝታ ቤት ላይ 4 ቮልት ገደማ ነው የሚወርደው።

ታኅሣሥ 16

መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተር ተነሣ። ባለ አንድ ሲሊንደር ቤንዚን፣ 3000 ዙር። ያልተሠሩት አምፖሎች ላይ ለዓይን የሚታይ መንዘፍዘፍ ወጣ። መለኪያው በ45 ሚሊ ሰከንድ ሊይዘው አልቻለም፣ በየንባቡ መካከል ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ማቆያ ገብቶ መስኮቱ ከ200 በላይ ሲሆን ታየ፦ በየአራት ርግብግቢቱ አንዱ ከፍ ይላል፣ በየ40 ሚሊ ሰከንዱ። 25 ኸርዝ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተኩስ 3000 ዙር በሰከንድ 25 ተኩስ ይሆናል፣ በእያንዳንዱ ተኩስ ዘንጉ ይፈናጠራል፣ ቮልቴጁም አብሮ። በ1500 ዙር የሚሠራ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ 12.5 ይሰጣል፤ ዓይን ከሁሉ ይበልጥ የሚሰማው ወደ 9 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ያ ይብሳል። የሚጥል ሕመም ላለበትና ብልጭታ ለሚቀሰቅስበት ሰው ከ3 እስከ 70 ኸርዝ ያለው ሁሉ አደገኛ ክልል ነው፣ በተለይ ከ15 እስከ 20። በጄኔሬተር የሚበራ የሠርግ ድንኳን ወይም የትምህርት ክፍል ውስጥ ካፓሲተር የሌለው ኤልኢዲ መስቀል አይገባም።

የተሠራው አምፖል በዚሁ ጄኔሬተር 1 በመቶ፣ ምንም 25 ኸርዝ የለበትም። ቮልቴጁ ከ190 በላይ እስከሆነ ድረስ አይሲው ፍንጥርጡን ይውጠዋል።

ታኅሣሥ 19

ስድስቱም አምፖሎች ተሠርተው ተሰቀሉ። ሁለት ነገር ወጣ።

አንደኛ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቅያሪ አምፖል ጠፍቶ ሳለ በየአምስት ሰከንዱ ብልጭ ይላል። ማብሪያው በጨለማ የምትታይ ትንሽ ቀይ መብራት አለችው፤ በእሷ በኩል የሚሾልከው ግማሽ ሚሊ አምፔር ገደማ ካፓሲተሩን ቀስ እያለ ይሞላዋል፣ 240 ሲደርስ ተርታው ቦግ ብሎ ያራግፈዋል። ቀድሞ ካፓሲተር ስላልነበረ አይታይም ነበር፤ እኛው ያመጣነው ነው። 220 ኪሎ ኦሙ ማፍሰሻ የገባው ለዚህ ነው፣ የሾለከው ከ110 ቮልት በላይ ሊከማች አይችልም። አምፖሉን የሚከፍት ሰው ላይ የሚጠብቀውን ቮልትም በ5 ሰከንድ ያህል ያረግበዋል። ማፍሰሻው ስድስቱም ላይ ገባ። ማብሪያው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን የሚቆርጥ ከሆነም ተመሳሳይ ብልጭታ ይወጣል፤ ያ ግን በማፍሰሻ አይሸፈንም፣ ሽቦው ይቀየራል።

ሁለተኛ፣ ከኤኮኖሚ አምፖል የወጣ ካፓሲተር የገባበት የሙከራ አምፖል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ውጭ ውርጭ፣ ሥራ ቤቱ 4 ዲግሪ። ሲበራ 17 በመቶ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ 3። ያረጀ ካፓሲተር ፈሳሹ ስለሚቀንስ በብርድ አቅሙ ይወድቃል፣ አምፖሉ ሲሞቅ ይመለሳል። አዲሶቹ በዚያው ብርድ 1 ነበሩ። ጠዋት የሚረገበገብ ከሰዓት የሚስተካከል አምፖል ካለ ካፓሲተሩ ነው።

ቆላ በሆነችው ሸዋ ሮቢት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ካፓሲተር በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። እዚህ ክፍሉ 15 ዲግሪ ሲሆን የአምፖሉ አንገት 70 ነው፤ ክፍሉ 32 በሆነበት 87 ይጠጋል፣ ዕድሜውም ሲሶ ያህል ይሆናል። 105 ዲግሪና 2000 ሰዓት የተጻፈበት እዚህ በስሌት ከ22 ሺህ ሰዓት በላይ ሲያገለግል እዚያ 7 ሺህ ገደማ ነው። ለቆላ 5000 ሰዓት የተጻፈበትን መግዛት፣ በጣሪያ ውስጥ የታፈነ መያዣም መተው።

የመጨረሻው ንባብ የቶርኖው መደገፊያ ላይ፣ ማታ፣ 194 ቮልት፣ 1440 ዙር፦ 2 በመቶ። አራቱ መንጋጋዎች አይለዩም፣ አንድ ግራጫ ክብ ብቻ። ያልተነካው ኮሪደሩ ላይ ያለው ፍሎረሰንት ነው፣ 38 በመቶ፤ ጫፎቹ ጠቁረዋል፣ በብርድ ጠዋት ስታርተሩ ስድስት ሰባት ጊዜ ይሞክራል። ቱቦው ሲያልቅ ከነባላስቱ ይወርዳል። አዲሱ ሞርሴቶ ከአንድ ወር ምጣድ በኋላ ብሎኑ እንደገና ይጠብቃል፣ ሚሊ ቮልቱም ይለካል።